ችግኝ ከመቁጠር አፈር መለካት፦ ስለ ደጀን የተሽከርካሪ ማቆሚያዎችና ስለ ጥላቸው

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ ከደጋው ተለይቶ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ በገደሉ አፋፍ ላይ የምትቀበለው ከተማ ደጀን ናት። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፣ ሌላው በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ወንዙ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ሲፈስ ደጀን ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ይህን ከፍታ በአጭር ርቀት የወጣ ባለ ተሳቢ መኪና ሞተሩ ግሎ፣ ሹፌሩም ዝሎ ይደርሳል፤ ሊወርድ የተዘጋጀውም ፍሬኑንና ጎማውን ሳይመረምር አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ከተከፈተ ወዲህ ማቋረጡ ቀሏል። የመንገዱ እንቅስቃሴ እንደ ወቅቱ ቢለዋወጥም፣ ደጀን መኪና የሚቆምባት ከተማ መሆኗ ግን አልተለወጠም።

በበጋ ወራት እኩለ ቀን ላይ መኪኖች የሚቆሙበትን ሜዳ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰዎች የሚቀመጡት መኪኖቹ በጣሉት ጥላ ውስጥ ነው። ረዳቱ ከተሳቢው ሥር ጋደም ይላል፤ ቆሎና ሙዝ የምትሸጠው ሴት ጀርባዋን ለጎማው ትሰጣለች፤ ተሳፋሪው ሻንጣውን ከመኪናው ጥግ ያስጠጋል። ሞተር ሲነሣ ሁሉም ተነሥቶ ሌላ ጥላ ይፈልጋል። ከቆመ መኪና ሥር መተኛት አደገኛ መሆኑን የማያውቅ ሹፌርም ሆነ ረዳት የለም። ሆኖም ሌላ ጥላ በሌለበት ሜዳ ምክር ብቻውን ሰውን ከጎማ ሥር አያስነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ቀላል ምልከታ ነው። የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፦ ለተሽከርካሪ ማቆሚያዎች የዛፍ ተከላ ደንብ ያስፈልገናል፤ ነገር ግን ደንቡ የሚተከለውን ችግኝ የሚቆጥር ከሆነ ከንቱ ይሆናል። ሊለካ የሚገባው ለዛፉ የተተወው አፈርና ዛፉ ከዓመታት በኋላ የሚሰጠው ጥላ ነው።

ሕጉ ማቆሚያውን የት ያስቀምጠዋል?

በአገራችን የከተማ ፕላን ሥራ የሚመራው በዋናነት በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ይለያል፤ ለመዋቅራዊ ፕላንም የአሥር ዓመት ዘመን ይሰጠዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ግንባታን በምድብ ከፍሎ የፈቃድና የቁጥጥር ሥርዓት ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ብሔራዊ የከተማ አረንጓዴ መሠረተ ልማት ስታንዳርድም አለ። ከእነዚህ ጋር የከተማ ፕላን ባለሙያዎች በቃል የሚያውቁት የ30፣ 30፣ 40 ክፍፍል ይጨመራል፤ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ማለት ነው።

ክፍፍሉ በራሱ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው የመኪና ማቆሚያው በየትኛው ሂሳብ እንደሚያዝ ስንጠይቅ ነው። ማቆሚያ በተለምዶ የመንገድ ዘመድ ተደርጎ ይቆጠራልና ከመንገዱ 30 በመቶ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴው ደግሞ የራሱ 30 በመቶ አለው፤ በፕላኑ ካርታ ላይ በወንዝ ዳር፣ በተዳፋትና በመናፈሻ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ውጤቱ ማቆሚያውን የሚሠራው ክፍል ዛፍን የሌላው ድርሻ አድርጎ እንዲያይ ያደርጋል። የሕንፃ አዋጁም ዋና ጉዳዩ ሕንፃ ስለሆነ ግድግዳና ጣሪያ የሌለውን፣ ገረጋንቲ ፈስሶበት የተጠቀጠቀውን ሜዳ በቅርብ አይቆጣጠረውም። በእኔ አመለካከት ማቆሚያው ከሁለቱ መካከል ባለ ክፍተት ወድቋል። መሬቱን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ለጥላው ግን ባለቤት የለውም።

ደንብ ሲታሰብ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቁጥር ነው። ለዚህ ያህል መኪና ይህን ያህል ችግኝ ማለት ይቀናናል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ ችግኝና ቁጥር በሕዝብ አነጋገር ውስጥ ተጣምረዋል። ሰፊ ተራራን ለማልበስ ሕዝብን ማነሣሣት ሲያስፈልግ ቁጥር ጉልበት አለው። ነገር ግን በአንድ ማቆሚያ ውስጥ የሚተከሉ 12 ዛፎች ከተራራ ጋር አይነጻጸሩም። በተራራ ላይ ግማሹ ቢደርቅ ግማሹ ይቀራል፤ በማቆሚያ ውስጥ የሚደርቀው እያንዳንዱ ዛፍ የአንድ ቦታ ጥላ ነው፤ በአጠገቡም የሚተካው ሌላ የለም።

የአንድ የቆየ ደንብ ልምድ

ለማቆሚያ ጥላ ደንብ ካወጡት ከተሞች መካከል በጥናት የተፈተነችው በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሳክራሜንቶ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ደንብ አዲስ የሚሠራ ማቆሚያ በ15 ዓመት ውስጥ ከተነጠፈው መሬት 50 በመቶው በጥላ እንዲሸፈን አዘዘች። ደንቡ ከብዙዎቹ የሚሻል ነው፤ ችግኝን አይቆጥርም፣ የወደፊት ጥላን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ግሪጎሪ ማክፈርሰን የተባሉት የከተማ ደን ተመራማሪ 15 ማቆሚያዎችን መርምረው ያወጡት ውጤት ግን አንገት የሚያስደፋ ነበር። በጊዜው የተገኘው ጥላ 14 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 44 በመቶው የተገኘው ከዛፍ ሳይሆን ጣሪያ ካላቸው ማቆሚያዎች ነው። ዛፎቹ 15 ዓመት ሲሞላቸው የሚጠበቀው ደግሞ ከታዘዘው እኩሌታ ጥቂት የሚበልጥ፣ ማለትም 27 በመቶ ሆኖ ተገመተ። እግረ መንገዳቸውንም ሌላ ነገር አገኙ፤ ብዙ መኪና በሚኖርበት ሰዓት እንኳ ከቦታዎቹ 36 በመቶው ባዶ ነበሩ።

ይህን ጥናት ለተማሪዎች ስጠቅስ ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ «እነርሱም ካልሆነላቸው ለእኛማ» የሚል ነው። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። የሳክራሜንቶ ደንብ በወረቀት ላይ የተሳለውን ጥላ አጸደቀ እንጂ መሬት ውስጥ ያለውን አልተከታተለም። ፕላኑ ላይ የተሳለው ክብ የዛፉ ሙሉ ዕድሜ መጠን ነው፤ መሬት ላይ ያለው ዛፍ ደግሞ በጠባብ ጉድጓድ የታሰረ፣ አላግባብ የተቆረጠ ወይም የሞተ ነው። ጥላን ማዘዝ ይቻላል፤ ጥላው የሚወጣበትን አፈር ሳያዝዙ ግን ትእዛዙ አይፈጸምም።

ደንቡን እንዳለ ገልብጦ ማምጣትም አይገባም። የሳክራሜንቶ ዋና ጭንቀት ከመኪናው ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያው በካሊፎርኒያ በዴቪስ ከተማ የተደረገ ልኬት በዛፍ ጥላ የቆመ መኪና ውስጡ በፀሐይ ከቆመው ከ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ እንደሚቀዘቅዝ አሳይቷል፤ ነዳጅም ከጋኑ የሚተነው ያነሰ ይሆናል። ደጀን ደጋ ናት። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ አየሩን በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ የሚያቀዘቅዝ መሆኑን ብናስብ በከተማዋና በዓባይ ወንዝ መካከል የ9 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በረሃውን ወጥቶ ለደረሰ ሰው የደጀን አየር ራሱ ዕረፍት ነው። የሚያስቸግረው በከፍታ ምክንያት የጠነከረው የፀሐይ ጨረር፣ ከአፋፉ የሚነሣው ነፋስና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ውኃው ነው። ስለዚህ የእኛ ደንብ ከመኪናው አስቀድሞ ሰውንና ውኃን ማሰብ አለበት።

ውኃውና ወልካው

ውኃውን በቀላል ሂሳብ እንየው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 2000 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የተጠቀጠቀ ማቆሚያ ላይ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 60,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ ተሳቢ የነዳጅ ቦቴ ከሚይዘው ይበልጣል። መሬቱ ካልመጠጠው ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ታችኛው ማሳና ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል፤ የዘይትና የናፍጣ ጠብታዎችንም ይዞ ይሄዳል። የዓባይ ሸለቆ የመሬት መንሸራተት ከጃፓን ባለሙያዎች ጋር ለዓመታት የተጠና ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ከማቆሚያ ውኃ ጋር ላደባልቀው አልፈልግም። ነገር ግን አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ የምትለቀውን ውኃ ልትቆጣጠር እንደሚገባት ለማወቅ ያን ያህል ጥናት አያስፈልግም፤ በየክረምቱ የሚሰፋ ቦረቦር ያየ ገበሬ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ወደ አፈሩ እንሂድ፤ ብዙ የተከላ ፕሮግራም የሚወድቀው እዚህ ነውና። ከደጀን እስከ ብቸና የተዘረጋው የጤፍ ሜዳ ወልካ ነው፤ ሌላው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር። ወልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል። ለመንገድና ለማቆሚያ የማይመች ስለሆነ ሥራ ተቋራጩ ከላይ ያለውን ቆፍሮ ያወጣና ገረጋንቲ ሞልቶ በሮለር ይጠቀጥቃል። መሐንዲሱ ትክክል ነው። ዛፍ ተካዩ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ በተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ውስጥ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፍርና ለም አፈር ሞልቶ ችግኙን ያቆማል። የጉድጓዱ ግድግዳ ሥር የማያሳልፍ ገረጋንቲ ነው፤ ወለሉ ውኃ የማያሳልፍ ወልካ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። በየካቲት ደግሞ ከታች ያለው ወልካ ሲሰነጠቅ የተረፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ዛፉ ሲሞት «ውኃ የሚያጠጣው አጣ» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነታው ዛፉ በመጀመሪያ ውኃ በዝቶበት ታሞ፣ በኋላ ውኃ ሲያጣ መሞቱ ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በወልካ ማሳው ላይ ፈሰስ አውጥቶ ውኃውን በተዳፋቱ አቅጣጫ ያሳልፋል እንጂ በማሳው መካከል አያቁርም። የማቆሚያውም መፍትሔ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዛፍ ለየብቻው ጉድጓድ መቆፈሩ ይቅርና በሁለት የመኪና ረድፎች መካከል ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ በጠጠር ተነጥፎ ወደ አንድ ጫፍ ያዘነበለ ቀጣይ ቦይ ይውጣ፤ ቦዩ በአፈር ይሞላ፤ መካከሉ ከፍ ብሎ ዛፉ በከፍታው ላይ ይተከል። ጠርዙን የሚይዘው ድንጋይ በየጥቂት ሜትሩ ክፍተት ይኑረው፤ ያን ጊዜ ከሜዳው የሚወርደው ውኃ ወደ ዛፉ ይገባል፤ ትርፉ በጠጠሩ ወለል ያልፋል። ጠርዙ ዙሪያውን ከተዘጋ ግን ዛፉ በጎርፍ መካከል ተቀምጦ ይጠማል። ይህን ስሕተት በትልልቆቹ ከተሞችም አይቼዋለሁ።

ንጣፉን በሚመለከት አገራችን ያልተጠቀመችበት ዕድል በእጇ አለ። ኮብልስቶን ለሥራ ዕድል ፈጠራ ተብሎ በየከተማው ሲስፋፋ ብዙ ሰው ያየው የውስጥ ለውስጥ መንገድን ብቻ ነው። ለዛፍ ግን ከአስፋልትና ከሲሚንቶ ወለል ይሻላል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ጥቂትም ቢሆን ውኃ ያሳልፋል። ሥር ወደ ላይ ሲገፋው ድንጋዮቹ ተነቅለው፣ ሥሩ ሳይቆረጥ እንደገና ይደረደራሉ፤ አስፋልት ሲሰነጠቅ የሚቆረጠው ሥሩ ነው። ስለዚህ አዲስ ማቆሚያ ሲታሰብ በዛፎቹ ዙሪያ ያለው መሬት ቢያንስ በኮብልስቶን እንዲነጠፍ ደንቡ ቢያዝዝ ለድንጋይ ጠራቢዎችና አንጣፊዎችም ሥራ ይሆናል።

ስንት አፈር ነው የሚያስፈልገው? የካናዳዋ ቶሮንቶ ለአንድ ትልቅ ዛፍ 30 ሜትር ኩብ አፈር እንዲኖር ትጠይቃለች። ከላይ የጠቀስነው ጉድጓድ የሚይዘው ከሩብ ሜትር ኩብ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። እኛ ወደ 30 መድረስ ባንችልም፣ በ2 ሜትር ቦይ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ዛፍ ቢተከል ለእያንዳንዱ 20 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል፤ ሥሮቹም በቦዩ ርዝመት ይጋራሉ። ይህ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ዛፍ ከመሬት በላይ የሚሰፋው ከመሬት በታች በተፈቀደለት መጠን ነው።

የትኛው ዛፍ?

በዚህ ላይ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው፤ እኔም አለኝ። ዘንባባ የባሕር ዳርን ጎዳናዎች ስላሳመረ፣ በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር በብዙ ቦታ ስለታየ የውበት ምልክት ሆኗል። ለጎዳና ግርማ ይሰጣል። ለማቆሚያ ግን የአንድ ምሰሶ ያህል ጥላ ነው ያለው፤ ያውም ከፀሐይዋ ጋር የሚዞር። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖ አገልግሎናል፤ ሰውና መኪና ከሥሩ በሚውሉበት ቦታ ግን ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚወድቅ አልመርጠውም። ግራቪሊያም በፍጥነት የሚያድግና በየግቢው የተለመደ ነው፤ እንጨቱ ግን ተሰባሪ ነውና የአፋፉን ነፋስ አላምንለትም። ዋርካ የጥላ ንጉሥ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ዕርቅ ያወረደው በእርሱ ሥር ነው፤ ሆኖም ቦታው ሰፊ አደባባይ እንጂ ሥሩ ንጣፍ የሚገለብጥበት ጠባብ ቦይ አይደለም። ዋንዛ ሰፊ ጥላና ያማረ ነጭ አበባ አለው፤ የሚያጣብቅ ፍሬው መኪና ላይ ሲረግፍ ግን ባለመኪናው ዛፉን ይጠላዋል። የተጠላ ዛፍ ደግሞ አንድ ሌሊት መቆረጡ አይቀርም። ዋንዛውን ሰዎች በሚቀመጡበት ጥግ ብንተክለው ፍሬውን ልጆች ይወዱለታል።

ለመኪናው ረድፍ እኔ ግራርና ወይራን አስቀድማለሁ። የደጋው ግራር እንደ ጃንጥላ ጠፍጥፎ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን መሬት ጨርሶ አያጨልምም። ወይራ በዝግታ ቢያድግም ድርቅን ይችላል፤ ነፋስ በቀላሉ አይሰብረውም። ብሳናን በመካከላቸው ቶሎ ለሚደርስ ጥላ መትከል ይቻላል፤ ወይራው ሲደርስ ብሳናው ይነሣል። ይህ ምርጫ ግን የሰውየው ጣዕም ሳይሆን የሙከራ ጉዳይ ሊሆን ይገባዋል፤ በተለይ በወልካ ላይ የተሠራ የቦይ ተከላ ገና በወጉ ሊመዘን የሚገባው ነው።

ስለ ጥበቃ ከቤተ ክርስቲያን ደኖች የምንማረው አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑ ለችግኝ መብቀልና መጽደቅ ከብት እንዳይገባ መከልከሉ ያለውን ታላቅ ድርሻ አሳይተዋል። ደኑ ዘሩ ሞልቷል፤ የሚያጠፋው ኮቴው ነው። የማቆሚያ ከብቱ ጎማው ነው። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ መኪና አንድ ጊዜ የቦዩን ጠርዝ ከወጣ ሦስት ዓመት የተለፋበት ግንድ ይላጣል፤ በየቀኑ የሚረገጠውም አፈር ተጠቅጥቆ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከዛፉ ፊት ጎማ የሚያቆም ድንጋይ ወይም የብረት ምሰሶ የተከላው አካል ሆኖ ሊታዘዝ ይገባል፤ «በጀት ሲገኝ» የሚባል ተጨማሪ ዕቃ አይደለም።

ማን ይከፍላል?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የቦታ ጉዳይ ነው። በብዙ ከተሞቻችን ማቆሚያ የሚያስተዳድሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ገቢያቸው ከቆመው መኪና ብዛት ጋር የታሰረ ነው። ዛፍ የወሰደው ቦታ ከእንጀራቸው የተቆረሰ ነው። ይህን ችላ ብሎ ስለ አረንጓዴ ከተማ መናገር ለእነርሱ ስድብ ነው። ሂሳቡን በግልጽ ማስቀመጥ ይሻላል። የትንሽ መኪና ረድፍ 5 ሜትር፣ መተላለፊያው 6 ሜትር፣ ሌላው ረድፍ 5 ሜትር ቢሆን በጠቅላላ 16 ሜትር ነው። 2 ሜትር ቦይ ሲጨመር 18 ሜትር ይሆናል፤ ከዘጠኝ እጅ አንዱ፣ ማለትም 11 በመቶ የሚሆን ቦታ ይታጣል። ነገር ግን የመኪናው አፍንጫ ከፊት ጎማው ወዲያ ስለሚተርፍ በሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሽ ሜትር በቦዩ ጠርዝ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ያን ጊዜ ጠቅላላው 17 ሜትር ይሆናል፤ ኪሳራውም ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ይህችን 6 በመቶ ማዘጋጃ ቤቱ ከማኅበሩ ኪራይ ላይ ቢቀንስላቸውና በምትኩ ዛፎቹን የማጠጣት ግዴታ ቢሰጣቸው ማንም አይጎዳም። የተባለው 2000 ካሬ ሜትር ማቆሚያ 30 በመቶው እንዲጠለል ቢፈለግ፣ አንድ ዛፍ በ8 ሜትር ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናልና 12 ዛፍ ይበቃል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጀሪካን ቢታሰብ 24 ጀሪካን ነው። ለ12 ዛፍ የሚሆን ውኃ ችግር አይሆንም፤ ችግር የሚሆነው ውኃውን ማን እንደሚያጠጣ በውሉ ላይ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ይህ ሂሳብ ለከባድ መኪና አይሠራም። ባለ ተሳቢው ርዝመቱና መዞሪያው ሰፊ ነው፤ ቁመቱም ከጭነቱ ጋር ከ4 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሸራውን ይቀድዳል። በከባድ መኪና ማደሪያ መካከል ዛፍ ማስገባት ሁለቱንም መጉዳት ነው። በዚያ ዛፉ ዳር ዳሩን፣ በተለይ ነፋስ በሚመጣበትና ውኃ በሚወርድበት ጎን ይሁን፤ የግንዱም የታችኛው ቅርንጫፍ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ እንዲቀር ይገረዝ። ከዚህ ጋር ሰዎች የሚያርፉበት፣ ተሽከርካሪ የማይገባበት የተከለለ የጥላ ሥፍራ ግዴታ ይሁን። ዛፉ እስኪደርስ አሥር ዓመት ስለሚወስድ ለጊዜው የቆርቆሮ ዳስ ይተክላል። ዳሱን «ዛፍ አይደለም» ብሎ መናቅ አይገባም፤ ፈረንሳይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1500 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ማቆሚያዎች እኩሌታቸውን በፀሐይ ኃይል ማመንጫ ጣሪያ እንዲሸፍኑ ስታዝዝ በዛፍ በበቂ የተጠለሉትን ነጻ አድርጋለች። ረዳቱ ዛሬ የሚተኛበት ጥላ ዛሬ ያስፈልገዋል።

ዛፍ ሌባን ይደብቃል የሚለውን ሥጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነትነት ያለው ለቁጥቋጦ እንጂ ግንዱ ከፍ ብሎ ለተገረዘ ዛፍ አይደለም። በማቆሚያ ውስጥ አጥርና ቁጥቋጦ ባይኖር እኔም እስማማለሁ።

እንግዲህ በደጀን ወይም በሌላ የመንገድ ዳር ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ ቢረቀቅ በዋናነት በአካባቢ ልማት ፕላኑ ውስጥ እንዲገባ እመክራለሁ፤ መዋቅራዊ ፕላኑ አሥር ዓመት ይኖራል፣ ግራሩም ጥላ የሚሆነው ወደዚያው ገደማ ነውና ፕላኑ ሲታደስ ዛፉም ይመዘናል። የማቆሚያው ሥራ ርክክብ ከመደረጉ በፊት መርማሪው ጉድጓዱን እንጂ ችግኙን አይይ፤ ቦዩ ሳይሞላ ጥልቀቱ ይለካ፣ የወለሉ ውኃ መውጫ ይፈተሽ። አንዴ አፈር ከተመለሰ በኋላ ማንም ሊያየው አይችልም። የዛፎቹም ቆጠራ ሁሉም ነገር አረንጓዴ በሚሆንበት በነሐሴ መሆኑ ቀርቶ በግንቦት አጋማሽ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይሁን። በግንቦት ቅጠል ያለው ዛፍ የሚቆጠር ዛፍ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀር ሥራ ብዙ ነው፤ የሚጠይቀውም ውድ መሣሪያ አይደለም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር የሚማር አንድ ተማሪ ከደጀን እስከ ሞጣ ባሉ ከተሞች የተነጠፉትንና ያልተነጠፉትን ማቆሚያዎች በሜትር ለክቶ፣ የእያንዳንዱን ዛፍ የጉድጓድ ስፋትና የግንድ ውፍረት መዝግቦ፣ በእኩለ ቀን ሰዎች የት እንደተቀመጡ በንድፍ ላይ ምልክት ቢያደርግ እስካሁን በእጃችን የሌለ መረጃ ይሰበስባል። ያን ንድፍ ሲያዘጋጅ ከዛፍ ሥር የተቀመጡትን በአንድ ቀለም፣ ከመኪና ሥር የተቀመጡትን በሌላ ቀለም ይለያቸው።